የእናቴ «አትቸገር»

በሰው አገር አውቶቡስ እየነዳሁ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ቢሮዎቹን ችያለሁ፣ ፎርሞቹን ችያለሁ። እንደዚያ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያንገበገበኝ ነገር ግን የለም።

ሚስቴ መንታ ስትወልድ እናቴ ልታግዘን መጣች። በመጣች በሳምንቱ ማሽኑ፣ ዋስትናው እንኳ ሳያልቅ፣ ውሃ አልተፋም ብሎ ቆመ። ለኩባንያው ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያንኑ ሙዚቃ አሰሙኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥገና ሠራተኛ ሲልኩ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቴም ልጆቹን ልታስከትብ ወጥታለች። ቤት የተገኘችው እናቴ ብቻ ነች።

ሠራተኛው ማሽኑን ፈታትቶ አየውና አይጠገንም አለ። ስልኩ ላይ ጽፎ በእኛው ቋንቋ አስነበባት፦ አዲስ ማሽን በነጻ ይፈልጋሉ? እናቴ ደስ አላት። ደስ ስላላትም እንደ ወጉ «አይ፣ አትቸገር» ብላ እስኪለምናት ጠበቀች። እሱ አስፈርሟት ሄደ።

ስመለስ ወረቀቱን አነበብኩ። ደንበኛዋ ማሽኑን አልፈልግም ስላሉ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን የተቀየመችው በሠራተኛው ነው።

«ሰው አንዴ ጠይቆ ይሄዳል እንዴ? አሳዳጊ የበደለው!»

ከዚያ የመንታዎቹን ልብስ በእጇ ማጠብ ጀመረች። እኔ ልጠብ ስላት ከመታጠቢያ ቤቱ ታባርረኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው፣ ያቀፈችው ልጅ ብርድ ልብስ ላይ የደም ነጠብጣብ አየሁ። የሸማቾች መብት አስከብራለሁ ወደሚለው መሥሪያ ቤት ሄጄ አቤት አልኩ። ራሷ ቀርባ ቃሏን ካልለወጠች አይሆንም አሉኝ፤ ያውም ቃሏን ለመለወጥ ከተሰጣት ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀራት።

በማግስቱ ይዣት ስሄድ መንገዱን ሁሉ መከርኳት። ሲጠይቁሽ ወዲያው አዎ በይ አልኳት። ሰው ስንት ጊዜ ይነገረዋል ብላ ተቆጣችኝ።

መስኮቱ ጋ የጠበቀን ጸሐፊ በዕድሜ እኔን ያህላል። መመሪያ አነበበልኝ። የውጭ አገር ሰው «አልገባኝም ነበር» እንዳይል ጥያቄው ሦስት ጊዜ ይቀርብለታል፤ የሚጸናው የመጨረሻው መልስ ነው። አስተርጓሚ ከራሱ አንድ ቃል ከጨመረ ግን ጉዳዩ ይዘጋል። ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳመላልሳቸው ኖሬ እንደ ሕፃን ሦስቴ? ቢሆንም ዋጥ አደረግኩት።

ጸሐፊው አዲስ ማሽን ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ እጆቿን ካፖርቷ ውስጥ ደበቀች። ፊቱ የተከመረውን ፋይል አየችና አሳዘናት መሰለኝ።

«አይ፣ አትቸገር» አለችው።

ዓይኔን ጨፍኜ ተረጎምኩ። እሱም ጻፈና ያንኑ ደግሞ ጠየቀ።

«ኧረ ተወው ልጄ፣ በእጄ አጥባለሁ።»

የቀረችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነች። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ መመሪያው እንደሚያዘው ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቀስ አድርጎ ጠየቃት። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይሁን እሺ። እንዲህ ካልክማ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

የተከለከለው መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለምና፣ «አዎ» ብዬ ተረጎምኩ። ማኅተሙ አረፈበት።

መልሰው እንዳይጠሩን ብዬ ደረጃውን በጥድፊያ ወረድኩ። እናቴ ግን ዞር ብላ ሕንጻውን እያየች ትመርቃለች።

«እናት ያሳደገችው ልጅ እንዲህ ነው» አለችኝ። «ሦስቴ ለመነኝ እኮ።»