የፍላሽ ድንጋይ

ባሽር ሁለቱን ዕቃ የሱቁ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና እጁን ሰበሰበ። አንዷ ፊፍቲ የሚሏት ትንሽ ሌንስ ናት፤ ሌላው አንገቱ የሚዞር፣ ያገለገለ ፍላሽ።

«ምረጥ እንግዲህ። ብቻ ሁለቱንም በዱቤ እንዳትለኝ፣ አውቅሃለሁ» አለ።

ገዱ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባሽር ሱቅ አለፍ ብሎ ፎቶ ቤት አለው፤ ፎቶ ቤት ከተባለ ማለት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ ዱካ፣ ጎንደር ወርዶ ከሰው እጅ የገዛው ካሜራ። እንጀራው ጉርድ ፎቶ ነው። ሰው ለመታወቂያ ብሎ ይገባል፣ ዱካው ላይ ይቀመጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይወጣል። ያው ሰው ሲሞት ደግሞ ዘመዶቹ ያንኑ ጉርድ ይዘው ይመጡና «አሳድግልን» ይላሉ። አሁን አሁን በዚህ አገር ለቅሶ ያለ ፎቶ አይሆንም። ፎቶው በፍሬም ሆኖ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሕዝቡም እሱን እያየ ደረቱን ይመታል።

«ሌንሷ ፊት ታሳምራለች» አለ ገዱ። «ከኋላ ያለውን ሁሉ ታደበዝዝልሃለች። ፊት ብቻ ነው የሚቀረው።»

«የማንን ፊት ነው?»

«የእቴቴን።»

ባሽር ቀልዱን ተወ። ገዱ እቴቴ የሚላት አክስቱን ዘቢደርን እንደሆነ ያውቃል። እናቱ ስትሞት ዳባት አጠገብ ካለው ቤቷ ወስዳ ያሳደገችው እሷ ናት። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ሳል ጥሏት ከመደብ እንዳልተነሳችም ሰምቷል።

«ቤቷ መስኮት አለው?»

«የለውም። በሩንም አናስከፍትም፣ ጉሙ ሲገባ ሳሉ ይነሳባታል።»

«ታዲያ ሌንሷ በጨለማ ምን ታይልሃለች? ፍላሹን ውሰድ። ለሠርግም ይሆንሃል። ይህችን ሌንስ ይዘህ ሠርግ ብትሄድማ ሙሽራውን ትተህ አፍንጫውን ነው የምታነሳው።»

ገዱ ሳቀ። ሌንሷን አንስቶ አንዴ በመስታወቷ አሻግሮ አየና መልሶ አስቀመጣት። ፍላሹን ወሰደ።

«ቻርጅ የሚደረገውን ድንጋይ ከነቻርጀሩ ጨምርበት» አለ ባሽር።

«ኧረ ተወኝ። ድንጋይ የትም ሱቅ አለ፣ የሬዲዮውን እገዛለሁ።»

«ስማኝ፣ ፍላሽ ሬዲዮ አይደለም። ድንጋይ ይበላል። ያ የምትለው ትንሽ ብልጭ ብልጭ ያደርግልህና ይተኛል።»

«አንተ ነጋዴ ነህ፣ ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል?»

«እሺ፣ አላህ ያሳካልህ። ኋላ ባሽር አልነገረኝም እንዳትል ብቻ።»

ገዱ እንዲህ የቸኮለበት ምክንያት አለው። ዘቢደር እሌኒ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብላ በበረሃ ወጣች፣ ከዚያ መርዶዋ መጣ፤ ሬሳዋ ግን አልመጣም። ለቅሶው ሲጠራ ቤት ውስጥ የተገኘው የትምህርት ቤት መታወቂያዋ ላይ ያለችው ጥፍር የምታክል ፎቶ ናት። ፎቶዋን ያሳደጋት ገዱ ራሱ ነው። የቻለውን ያህል ለጠጣት። ፊቷ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ፣ ዓይኗና ጥላው አልለይ አለ። ያንን ይዘው ለቅሶ ሜዳው ላይ ሲወጡ ዘቢደር ቀና ብላ አየችና «ይህች የኔ ልጅ አይደለችም» አለች። ሰው ሐዘን ነው ያናገራት ብሎ አለፈው። ገዱ ግን እውነቷን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደለበሰች ቀረች። ዓመቱ ወጣ፣ ቄሱ መከሯት፣ ጎረቤት ለመናት፤ አልመለሰችውም። ገዱን ግን ሳሉ ሲጠናባት አስጠርታ አንድ ነገር አለችው። «ልጀ፣ ለኔ እንዲያ ያለ ነገር አታሲዝብኝ። ሰው እኔን አይቶ ያልቅስልኝ።»

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳባት ወረደና ጭቃውን እየዘለለ ቤቷ ደረሰ። ማንጠግቦሽ ቀድማ ገብታለች። ማንጠግቦሽ ጎረቤቷ ናት፣ በዚያ ክረምት እሳት የምታነድላትም የምታጎርሳትም እሷ ነበረች። ዘቢደር ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«መጣህ? ምነው እንዲህ ከሳህ፣ እኔ ነኝ የታመምኩ አንተ?» አለችው።

«አንቺማ ሙሽራ መስለሻል፣ እቴቴ።»

«እረግ፣ ሂድ ወዲያ» ብላ አፏን ሸፈነች፤ ሳሏ መጣ።

ገዱ ዩቲዩብ ላይ ያየውን ያስታውሳል። ፈረንጁ ፍላሹን ቀጥታ ፊት ላይ አትተኩስ፣ ወደ ነጭ ጣሪያ አዙረው፣ ብርሃኑ ተመልሶ እንደ ዝናብ ይወርዳል ነበር ያለው። አዞረና ተኮሰ። ከዚያ ካሜራውን ቢያይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቀና ሲል ገባው። ጣሪያው የስንት ዘመን ጭስ ጠጥቶ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ግድግዳውም ያው ነው። ለፈረንጁ ቤት የተነገረውን ይዞ ነው የመጣው።

ቀጥታ ሞከረ። ብልጭ ሲል ዘቢደር ዓይኗን ጨፈነች። ደገመው፣ ጨፈነች። «ቆይ፣ አሁን እይዘዋለሁ» ትላለች፣ ግን ጭሱም ዕድሜውም የጎዳው ዓይን ነው፣ እሺ አላላትም። በካሜራው መስታወት ላይ ተራ በተራ ሲያያቸው ሁሉም ላይ ዓይኗ ተከድኗል። አላሳያትም። ዓይኑ የተከደነ ሕመምተኛ ምን እንደሚመስል ማንም ሰው ያውቀዋል።

ፍላሹን አጥፍቶ እንዲሁ አነሳት። ይህንን አሳያት።

ዘቢደር ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። ፊቷ በጨለማው ውስጥ አለ፣ ግን ነጠብጣብ ነው። «ይህማ የእሌኒን ነው የሚመስለው» አለችና መለሰችለት።

ገዱ ግድግዳውን ዞር ብሎ ቃኘ። «ነጭ ነገር ነው የጠፋብኝ፣ እቴቴ። ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ግድግዳ ቢኖር ኖሮ...»

«ነጭ ነው ያልከው?»

እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች። ማንጠግቦሽ «አንቺ» ብላ ልትነሳ ስትል ዘቢደር ነጠላዋን አውልቃ ጨርሳለች። ስንት ሰው የለመናትን እንደ ዋዛ ጭኗ ላይ አድርጋ እጥፋቱን ፈታችው።

«በሉ ስቀሉት። ዘቅዝቃችሁ እንዳትሰቅሉብኝ ደግሞ፣ ለፎቶ ነው። ጥለቱ ወደ ታች።»

ማንጠግቦሽ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ሚስማሮች አሰረችው። ገዱ መጀመሪያ ዘቢደርን በከንቱ እንዳያደክም ማንጠግቦሽን መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠና ፍላሹን ወደ ነጠላው አዙሮ ተኮሰ።

እንግዲህ እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። የማንጠግቦሽ ፊት በቀን ብርሃን በር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ሆነ። ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ የንቅሳቷ ሰማያዊ፣ የዓይኗ እንባ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዓይኗም አልተጨፈነም፣ ብርሃኑ ከጎን ለስልሶ ነው የመጣው።

ዘቢደር አየችውና ፊቷ በራ። «እንዲህ አድርገህ ነው የምታነሳኝ?»

«እንዲህ አድርጌ ነው።»

«በል ቶሎ በል፣ ይህች የኔን ቀድማ ወሰደችው» አለች ማንጠግቦሽን በክርኗ ገፋ አድርጋ።

ገዱ ካሜራውን አነጣጠረ። ዘቢደር ቀና አለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ተጫነው። ካሜራው ቀጭ አለ፣ ፍላሹ ዝም። ከኋላው የምትበራው ቀይ መብራት የለችም። ጠበቀ። ድንጋዮቹን አውጥቶ በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ መለሳቸው። እንደገና ጠበቀ። ዘቢደር ፊቷን እንዳስተካከለች ትጠብቀዋለች። ማንጠግቦሽ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ሮጣ ሌላ ድንጋይ አመጣች፣ እሱም ያው የሬዲዮ ነውና አላበራውም።

«ምን ሆነ?» አለች ዘቢደር።

«ድንጋዩ አለቀ። የኔ ጥፋት ነው፣ ደህናውን ድንጋይ ውሰድ ተብዬ ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ ይዤ እመለሳለሁ፣ እቴቴ።»

«ይሁና፣ ምን አስደነገጠህ። አለሁ።» ከዚያ ወደ ማንጠግቦሽ ዞራ «ነጠላውን እንዳታወርጅው። እስኪመጣ እዚያው ይሁን» አለች።

ደባርቅ ሲመለስ ባሽር የገዱን ፊት አየና ድንጋዩንና ቻርጀሩን አውጥቶ ሰጠው። መብራቱ ግን ጠፋ። ደባርቅ በሙሉ ጨለማ ሆነ፣ ምሰሶ ወድቋል ተባለ። ገዱ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄደ፣ ናፍጣ የለም አሉት። በማግስቱም የለም። ከዚያ በኋላም የለም። ቻርጀሩን ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ትቶት፣ ሰው ጉርድ ሊነሳ ሲመጣ «መብራት የለም» እያለ ይመልስና ሶኬቱን ያያል።

መብራቱ የመጣው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። ጠዋት ሲነሳ የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ሆኗል። ድንጋዮቹን ፍላሹ ውስጥ እየከተተ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ማንጠግቦሽ ናት። ስሙን ጠራችና ታለቅስ ጀመር።

ቀብሩ በዚያው ቀን ሆነ፣ ለቅሶው በማግስቱ ተጠራ። የዘቢደር ታላቅ ወንድም አያ ውዱ ከበየዳ በበቅሎ ደርሰዋል። ሰው ሜዳው ላይ መሰብሰብ ሲጀምር ገዱን ወደ ጎን ወሰዱት።

«ፎቶዋን አምጣ እንጂ፣ ልጀ። አልቃሿ ቆማለች።»

«ፎቶ የለም፣ አያ።»

«እንዴት አይኖርም? አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህም?»

ገዱ መሬት መሬት አየ። «ሳልደርስላት ቀረሁ።»

«ጉርዷስ? የመታወቂያዋን አሳድገውና...»

«እሱን አታሲዝብኝ ብላኛለች።»

አያ ውዱ ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉ። ሊቆጡ ይመስሉ ነበር። ዓይናቸው ግን በገዱ ትከሻ ላይ አልፎ ሄደ። ገዱም ዞረ። ማንጠግቦሽ ከቤት እየወጣች ነው፣ ነጠላውን በሁለት ክንዷ አቅፋዋለች።

«እስካሁን ከተሰቀለበት አላወረድኩትም ነበር» አለች። «እስኪመጣ ብላለቻ።»

አያ ውዱ ጥለቱን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ዱሮ ፎቶ ሳይመጣ በሟች ልብስ ነበር የምናለቅሰው» አሉ። «ያዙት። ዘርጉትና ያዙት።»

«የሐዘኗ ነው፣ ተዘቅዝቆ ነው የሚያዝ?» አለች አንዲት ሴት።

«አይደለም» አለ ገዱ። «ጥለቱ ወደ ታች ነው። እንደዚያ ነው ያለችው።»

አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን ማንጠግቦሽ። ከፍ አድርገው ዘረጉትና ወደ ሜዳው መሃል ሄዱ። አልቃሿ ጀመረች፣ ሕዝቡ ተቀበላት። ካሜራው ከነፍላሹ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሲራመድ የጎድን አጥንቱን ይመታዋል። በመኪና የመጣ አንድ የከተማ ዘመድ ጠጋ ብሎ «አንተ፣ አንሳ እንጂ፣ ማስታወሻ ይሆናል» አለው። ገዱ የነጠላውን ጫፍ አጥብቆ ያዘ።

ጉሙ ሳሳ ሲል የመጣው የፀሐይ ብርሃን ነጠላው ላይ አረፈና ተመልሶ ማንጠግቦሽ ፊት ላይ ወደቀ። ልክ እንደዚያን ዕለት፣ ለስልሶ ከጎን መጣ። ከእሷ አጠገብ ቆመው የሚያለቅሱት ሁሉ ፊታቸው በራ። ገዱ አየው። ሁለት እጁ ግን ተይዟል፤ ክንዱ እስኪዝል ነጠላውን ዝቅ አላደረገውም።