የጋሼ መቀስ

ልብስ ሰፊው መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና የታናሽ ወንድሙ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጠው።

«ውሰደው፤ ያንተ ነው።»

ታናሽየው ጆሮውን አላመነም። ልጅ ሳለ በዚህ መቀስ ወረቀት ቢቆርጥ፣ ጋሼ «የጨርቅ መቀስ በወረቀት ይዶለዱማል፣ አንተ ደደብ!» ብሎ ደንበኛ ፊት በጥፊ አጩሎታል። ያኔ ማን «ተው» አለለት? ዘመድ እንደሆነ ለታላቅ ማጨብጨብ ነው የሚያውቀው። የራሱን ሱቅ ሲከፍት እንኳ፣ ሱቅ ከተባለ፣ ጋሼ ደጁን አልረገጠም።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች ጋሼ?» አለ ወጋ እያደረገው።

ጋሼ ፈገግ አለ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። የሰው ልብስ ላይ የተንጠለጠለች ክር የማታልፈው ሰውዬ የራሱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፏል።

«የስፌት መኪናዬንም ለጎረቤት ሰጠኋት። ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች?»

«ጡረታ ወጣህ?»

«እንደሱ በለው።»

ታናሽየው፣ በመጨረሻ እጅ ሰጠ ብሎ፣ ደስ አለው። ደስታው ግን ጠብ ጠብ አሰኘው። ጋዜጣ አነሣና ዓይን ዓይኑን እያየ በዚያው መቀስ ከዳር እስከ ዳር ሸረከተው። ጥፊው ቢቀር ስድቡን ጠበቀ።

ጋሼ መቀሱን አየ፤ ወረቀቱን አየ። ምንም አላለም።

ታናሽየው ጋዜጣውን ጥሎ የሱቁን በር ዘግቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህልም አይወርድልኝ።» ቀና አላለም። «አስቤ ጨርሻለሁ። ዛሬ።»

ታናሽየው መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። «ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«እብድ ነው ልትለኝ?»

«እብድስ እኔ፣ አንተን ብዬ ሱቅ የምዘጋ! ታመሃል። ተነሥ።»

ታክሲ ውስጥ ክንዱን አልለቀቀውም። ሐኪሟ ጋሼን ለብቻው አነጋግራ ወጣች።

«እዚሁ ይተኛል፤ ወደ ቤት አልልከውም። አንተ ግን በምን አወቅህ?»

«ሳይሰድበኝ ቀረ» አላት።

ነርሷ የጋሼን ቀበቶና የጫማ ክር ተቀበለችው። ታናሽየው ጠጋ ብሎ የተዛነፈውን ቁልፍ አስተካከለለት።

«መቀሱን አዶለዶምኩብህ እኮ፣ ጋሼ። ስደበኝ እንጂ።»

ጋሼ ክር በሌለው ጫማው እየተንሸራተተ ገባ። በሩ ተቆለፈ። ታናሽየው ኮሪደሩ ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ፣ ያን ዘመኑን ሙሉ የጠላውን ስድብ ይጠብቅ ጀመር።