ቲማቲም የገባበት ማግለያ

ግሌንዳ ጠዋት ስትነሳ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ የምታየው ባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን ሸርጣኖቿን ነው። የዚያን ቀን የመስታወት ሳጥኑን ክዳን ስታነሳ፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ ቡፎርድ፣ ከዛጎሉ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተዘርሯል። አሮጌ ቅርፊቱን ጥሏል፤ ባዶው ቅርፊት ከነእግሩ ከነመቆንጠጫው አጠገቡ ወድቋል። እሱ ራሱ ቆዳው እንደተገፈፈ ሥጋ ለስልሷል። ሮክሲ የምትባለው ትልቋ ሸርጣን ደግሞ እግሩን ይዛ እየበላች ነው።

ግሌንዳ ሮክሲን ከነዛጎሏ ብድግ አድርጋ አወጣቻትና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከታ ጮኸች፦

«ሮይስ! ማግለያውን አምጣ! ቶሎ በል!»

ሸርጣን ቅርፊቱን የሚቀይረው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ሌሎቹ የለሰለሰ ገላውን ካሸተቱ ይበሉታላ። አንዳንዱ ግን ሳይቀበር ጊዜው ይደርስበትና ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚህ በፊት አንዷ እንዲህ ሆና ተበልታባታለች። ከዚያ ወዲህ ግሌንዳ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማግለያ የምትለውን ሌላ ትንሽ የመስታወት ሳጥን፣ እርጥብ አሸዋ ሞልታ፣ ማሞቂያውን ሰክታ፣ ሁልጊዜ ዝግጁ አድርጋ ታስቀምጣለች። ማንም እንዳይነካው ለባሏ ደጋግማ ነግራዋለች።

ሮይስ ግን ከጣሪያ ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ እጁን የማያስገባበት ነገር የለም። በሩ ላይ ባዶ እጁን ቆመ።

«ሳጥኑስ?»

«ግሌንዳ... የቲማቲም ችግኞቼን አስገብቼበታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ጋራዡ ውስጥ ብርዱ ሊጨርሳቸው ሆነ። ይሄ ደግሞ ይሞቃል፣ ባዶውን ነው የተቀመጠው... ቆይ፣ አሁን ገልብጬ አመጣዋለሁ።»

«ማዳበሪያ አድርገህባቸዋል?»

ሮይስ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ዞር ብሎ አየ።

«ሮይስ! አድርገሃል ወይስ አላደረግክም?»

«ትንሽ። ያንን ሰማያዊውን።»

«በቃ፣ ተወው። ገላው እንዲህ ለስልሶ መርዝ ላይ አላስተኛውም።»

«ታዲያ ሌሎቹን ከዚህ እናውጣቸዋ።»

«ከላይ የነበረችው ሮክሲ ብቻ ናት፤ እሷን አውጥቻታለሁ። ሁለቱ አሸዋው ሥር ናቸው፤ እነሱም እየቀየሩ ነው። ብንቆፍራቸው ይሞታሉ። ካልቆፈርናቸው ደግሞ ደስ ባላቸው ሰዓት ወጥተው ይበሉታል።»

ሮይስ ጭንቅላቱን አከከ። «አጥር እንሥራለት» አለና ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። ትናንት የገዛውን የአይስክሬም ባልዲ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ያለውን ሁሉ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው።

«ሳሙና እንዳታስነካው!» ጮኸችበት ግሌንዳ። «ሙቅ ውሃ ብቻ!»

ባልዲውን አጥቦ፣ ቂጡን በሥራ ቢላው ቆርጦ ጣለና ይዞት መጣ። አሁን ቡፎርድን መሐል አድርጎ፣ ሳይነካው፣ ባልዲውን አሸዋው ውስጥ ማስመጥ ነው የቀረው።

«አንተ አድርገው» አለችው፤ እሷ ከጎን ሆና ልታየው አጎነበሰች።

ዕድሜውን ሙሉ ከፍታ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ እጁ የረጋ ነው። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ አለ።

«ወደ ግራ። ቀስ! የቡፎርድን ጢም ልትነካው ነው።»

«አይቼዋለሁ፣ አንቺ ሴት። አታስደንግጪኝ።»

ግማሽ ያህል እንደሰመጠ ባልዲው ከታች አንድ ነገር ነካ።

«የሆነ ነገር አለ» አለ ሮይስ በሹክሹክታ።

«አትጫን!»

«ድንጋይ ይሆን?»

«እኔ ድንጋይ አላስገባሁም።»

ሮይስ ባልዲውን ትንሽ ከፍ አደረገ፣ ጥቂት ወደ ጎን ሳበና እንደገና ጫነው። ገባ። ከሥር ያለውን ጎድተውት እንደሆነ ግን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ግሌንዳ የቡፎርድን ዛጎልና ሌሎች ሁለት ሰፋ ያሉ ዛጎሎች አፋቸውን ወደ እሱ አዙራ አስቀመጠች። ዛጎል ውስጥ ሳይገባ ከቆየ ይደርቃል። ሁለቱም ባልዲው ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ቡፎርድ አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቷል እንዴ?»

«አላውቅም።»

«በጣቴ ትንሽ ነካ ባደርገውስ?»

«ንካውና ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ትወጣለህ!»

ሮይስ እጁን ሰበሰበ። እሷም ከዚያ በኋላ ራሷን መያዝ አቃታት።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱን ብቻ አትንካብኝ አልኩህ።»

«ዝም ብሎ የተቀመጠ መሰለኝ።»

«ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነው ያስቀመጥኩት!»

ሮይስ ወንበር አመጣላት፤ ለራሱም አንድ ጨመረ። ምሳ ማንም አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ አንደኛው ጢም ተነቃነቀ። ከዚያ ቡፎርድ ራሱን መጎተት ጀመረ። የድሮ ዛጎሉን በመቆንጠጫው ዳሰሰና ተወው። ከሰፋፊዎቹ አንዱ፣ አረንጓዴው ዛጎል ጋ ደርሶ አፉ ላይ ቀጥ አለ። ቆመ። ግሌንዳ የሮይስን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ቡፎርድ ገላውን አዞረና እልም ብሎ ገባ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ሽማግሌ!» ሮይስ ከወንበሩ ዘለለ።

«ዝም በል፣ ታስበረግገዋለህ» አለችው ግሌንዳ እንባዋን እየጠረገች።

ቡፎርድ አሮጌ ቅርፊቱን እየበላ ባልዲው ውስጥ ሳምንታት ቆየና ጠነከረ። ሮክሲ የበላችበት ሁለት እግሮቹ ግን አልነበሩም። ከአሸዋው ሥር የነበሩት ሁለቱ ሸርጣኖች በየተራ በደህና ሲወጡ ሮይስ ሄዶ አንድ በአንድ አያቸው፤ እግራቸውን ሳይቀር ቆጠረ። ከሳጥኑ አውጥቶ ወደ ጋራዥ የመለሳቸውን የቲማቲም ችግኞች ደግሞ ከተማቸውን ቱልሳን በመጋቢት የመታው ውርጭ ጨረሳቸው። እሱም ስለ እነሱ አፉን አልከፈተም።

ያ ሳጥን ዳግመኛ ለሸርጣን አልሆነም። ሮይስ አዲስ ገዝቶ፣ አሸዋውን ተሸክሞ አመጣ፤ ውሃ በጨመረ ቁጥር «ይበቃዋል?» እያለ ሚስቱን ጠየቀ። ግሌንዳ ለጥቂት ቀናት በአጭሩ ነበር የምትመልስለት።

ቡፎርድ በሚቀጥለው ዓመት በጊዜው ተቀብሮ ቅርፊቱን ቀየረ። ሲወጣ እግሮቹ በቅለዋል፤ አጠር ያሉ ናቸው፣ ግን ይራመድባቸዋል።