ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የቆመው ማቀዝቀዣ

ልኬቱ ውሸት ነው። ስድስት ወር የተለፋበት፣ ዶክተር ኸይረዲን ለመጽሔት የላኩት ግኝት የጄኔሬተር ብልሽት ነው። ይህን እዚህ ዓረብ አገር፣ በባዕብዳው የምርምር ቤት፣ ከዶክተሩ ሌላ የምታውቀው ወለል ወልዋይዋ ሮማነወርቅ ብቻ ናት።

ወልዋይ ትሁን እንጂ ባሕር ዳር ፊዚክስ ተመርቃለች። አሽራፊዬ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ካገለገለቻት ማዳሟ ቤት ወጥታ እዚህ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራውን ማንም ሳያስረዳት ገብቷታል። እዚህ የምትለካው ጥቁር ክሪስታል ሞቅ ሲላት እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። ከዜሮ በታች መቶ ሃያ ዲግሪ ስትወርድ ውስጧ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ይሰለፋሉ፣ ኤሌክትሪኩም ቀጥ ይላል። በዚያ ብርድ ላይ እያለች አንድ የሌዘር ብልጭታ ይመታታል፤ ከዓይን ጥቅሻ በቢሊዮን ጊዜ ባጠረ ቅጽበት ሌላ ብልጭታ ተከትሎ ምን እንደሆነች ያያል። ዶክተሩ ያወጁት፣ አንዴ በብርሃን ከተመታች ብረት ሆና ትቀራለች ብለው ነው።

ብረት ሆና የቀረችው ግን ስለሞቀች ነው። ልኬቱ በተወሰደበት ቀን ከሰዓት፣ መብራት የሚሸጥላቸው የሰፈሩ ጄኔሬተር ቆመ። ሌዘሩ በባትሪ ቀጠለ፣ ማቀዝቀዣው ግን ጸጥ አለ። ሮማነወርቅ ሰዓቱን በጽዳት ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ጻፊ ያሏት ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው፤ ከጄኔሬተሩ ባለቤት ጋር ሲጣሉ ማስረጃ እንዲሆናቸው።

አሁን ባዶ ቅጽ ዘረጉላት። «ያኒ፣ ማለቴ፣ ልጄ፣ አንድ ወረቀት ናት። በራስሽ እጅ ገልብጪና ያቺን የዘጠኝ ከሩብ መስመር ዝለያት።»

«ክሪስታሏስ? መሞቋን ትርሳው?»

ዶክተሩ ሳቁ። «ጽዳትም ሳይንስ ጀመረ?»

«ጽዳት ያዘዙትን ጻፈ፣ ዶክቶር።»

ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ አወጡ። ለጣሊያኑ ማስተርስ ማመልከቻዋ ስምንት ወር የለመነችው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ተፈርሟል። ማመልከቻው ነገ ይዘጋል። «መዝገብ አያያዟ እንከን የለውም» ይላል።

«መጀመሪያ ወረቀቱ» አሏት።

እስክሪብቶውን አነሳች። ከሁሉ በላይ ያስጠላት ማንሳቷ ነው። ቀኑን ጻፈች፤ ስሟን ጻፈች፤ ስምንት ሰዓት ላይ የወለወለችውን ኮሪደር ጻፈች። ዶክተሩ ማስቲካቸውን እያኘኩ ከኋላዋ ጎንበስ አሉ።

«ያላ፣ ጎበዝ» ብለው ትከሻዋን እንደ ድመት መታ መታ አደረጓት።

ቀጣዩ መስመር ዘጠኝ ከሩብ ነበር። ጻፈችው። ማቀዝቀዣው አርባ ደቂቃ ቆሟል ብላ፣ ከፊተኛው አጉልታ።

«ኸላስ፣ አለቀ። ማስረጃው ሁለት ሆነልዎ» አለችና አዲሱን ጠረጴዛው ላይ ትታ አሮጌውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ደብዳቤውን አትፈልጊውም?» ድምፃቸው ቀጠነ።

«አልፈልገውም፤ የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

የጎማ ጓንቷን አውልቃ ባልዲው ውስጥ ጣለች። ወጣችና በሩን ዘጋችው።