ጎማው ጋ የሚደርሱ ፈረሶች

ፈረሶቹ ታዲያ የት ገቡ፣ ጣልያኑ ይህን የጭነት መኪና ጥሎ ሳይሸሽ በፊት የሞተሩን ክዳን መታ መታ እያደረገ፣ እዚህ ውስጥ የስንትና ስንት ፈረስ ጉልበት አለ ይለው ነበር፣ ውባንተም አምኖ ነበር፣ አሁን ግን ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጦት መኪናው ያዘግማል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። የተለወጠው ካምቢዮው ብቻ፣ ያ ማርሾቹን የያዘ የብረት ሳጥን፣ እሱንም ከአንድ ትልቅ የተቃጠለ መኪና ሆድ ፈትቶ ያመጣው ራሱ ነው፣ ትልቁን የጎተተ ትንሹንማ እንደ ላባ ያነሳዋል ብሎ። ላባ! ጉድ ነው እኮ።

ከኋላ ሣር በተነጠፈበት ላይ ሚስቱ አገኘሽ ታምጣለች፣ ልጁ አልወጣም ብሏል፣ አጠገቧ የተቀመጡት አዋላጇ እማማ አሰበች ከኔ እጅ አልፏል ልጄ ብለውታል፣ ሐኪም ያለው መተማ ነው፣ እንግሊዞቹ ዘንድ፣ መተማ ደግሞ ከገንዳ ውሃ ወንዝ ማዶ ነው፣ ወንዙ ዳር ያ ዳገት አለ፣ ዳገቱን ካልወጣ... እሱን አያስብም። ፈረሶቹን ነው የሚያስብ። አታፍርም፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ሆና አንተ ስለ ካምቢዮ? ያፍራል፣ ግን ሐሳብ እንደ ዝንብ ነው፣ ቢያባርሩት ይመለሳል፣ ሞተሩ ካልደከመ ጉልበቱን መንገድ ላይ ማን ወሰደው?

ነግሬሃለሁ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይላል አጠገቡ የተቀመጠው መካኒኩ ሐሚድ፣ ከሞተር እስከ ጎማ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ቀረጡን ይቆርጣል፣ ይህ ከባዱ ካምቢዮህማ ወላሂ ቀረጡ ይብሳል፣ ጎማው ጋ የሚደርሰው ፈረስ ከድሮው ያንሳል እንጂ አይበዛም። ዝም በል ሐሚድ። ዝም ብያለሁ።

ወንዙ። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ደጋው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ ደራሽ ውሃ መጣሁ ብሎ አያስጠነቅቅም። አሸዋውን ያልፋል፣ እንደ ድሮው በሁለተኛ ማርሽ ተንደርድሮ ዳገቱን ይገጥመዋል፣ ና እንጂ፣ ና፣ ግማሽ ላይ ሞተሩ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጠፋ። በስመ አብ! መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አገኘሽ ትጮሃለች፣ ፍሬን፣ ፍሬን፣ አሸዋው ላይ ተመልሰው ይቆማሉ። ሐሚድ እውነቱን ነው። ፈረሶቹ አንሰዋል፣ አስበልቻቸዋለሁ፣ በገዛ እጄ፣ ምን ቆርጦኝ ነው የነካሁት፣ አፈር ልብላ።

ሐሚድ ወርዶ ማስነሻውን ብረት እያዞረ ይነጫነጫል፣ ካምቢዮ ሸማች! አሁን ያ ቅጽል ስም ይነሳል? ይላል ውባንተ፣ የዛሬን እንኳ ማረኝ። ይህን ስም ያወጣለት የመተማ ገበያ ነው፣ ያኔ የጣልያኑን ፊደል ከዕቃ ሳጥን ላይ ለቅሞ የተማረ ሰሞን አንድ በር ላይ ካምቢዮ የሚል ጽሑፍ አየና ዘው ብሎ ገባ፣ ለጭነት መኪና የሚሆን አለዎት ወይ አለ፣ ባለቤቱ አብዱልሀኪም ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ልጄ፣ እኔ ገንዘብ መንዛሪ ነኝ፣ በጣልያንኛ መመንዘርም ካምቢዮ ነው፣ ሊሬህን ገበሬው አይቀበልህም፣ እኔ ጥቂት ለራሴ አስቀርቼ ጠገራ ብር እሰጥሃለሁ፣ ሀብትህ አይጨምርም፣ እንዲያውም ይጎድላል፣ ገበያው ግን ይቀበልሃል...

ቆይ።

ይጎድላል፣ ገበያው ግን ይቀበልሃል። ዳገቱስ ምንድን ነው የሚቀበል? ሩጫ አይቀበልም፣ አሁን አይቶታል። የዚህ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ሜዳ ላይ ሞተሩን እያስጮኸ መኪናውን ከእግረኛ በታች ስለሚያደርገው ብልሽት ነው ብሎ ትቶት ነበር፣ ብልሽት! ሩጫውን ወስዶ ጉተታ እየሰጠው ኖሯል፣ እሱ ነው ያልገባው። ፈረሱስ ይነስ፣ ይነስ እንጂ፣ የቀረው ተመንዝሮ ይድረስ።

ሞተሩ ይነሳል። አንደኛ። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ይለቃል፣ ሞተሩ እሪ ይላል፣ ጎማዎቹ መሬቱን ቀስ በቀስ ይነክሳሉ፣ ሐሚድ በጎን በእግሩ እየሄደ ይቀድመዋል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ አፉን ከፍቶ። ግማሹ አለፈ። ሞተሩ አልጠፋም።

ከኋላ ግን ድምፅ የለም።

እማማ አሰበች! መልስ የለም፣ ሞተሩ ነው ያፈነው ወይስ፣ ይቁም? ከቆመ ይንሸራተታል፣ ከተንሸራተተ አለቀለት፣ እግዜር ሆይ ትጩኽ ብቻ፣ ትስደበኝ፣ ሁለተኛ ብረት አልነካም፣ እነካለሁ፣ ውሸቴን ነው፣ ብቻ ትጩኽ፣ እግሩን ከቤንዚኑ ላይ አያነሳም።

ውባንተ! አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው እንደ ኤሊ የምትንፏቀቅ፣ እዚሁ ልትገላግለኝ ነው?

አገኘሽ ናት። ደክማለች፣ ተቆጥታለች፣ በሕይወት አለች። እንባውም ሳቁም አንድ ላይ ይመጡበታል።

እየመነዘርሁ ነው! ይላል በመስኮቱ እየጮኸ።

ምን?

እየመነዘርሁ ነው አገኘሽዬ፣ ትንሽ ቻይኝ፣ የዳገቱ አናት ታይቶኛል።