ግንዱ ገንዳ ሲገባ

ባሌ ጡረታ ሲወጣ እንደ ጓደኞቹ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣ ሊያነብ ነው ብዬ ነበር። ምን ቆርጦት! ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ የኖረ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ባልና ሚስቶችን ለወንጌል ሥራ ወደ ሩቅ አገር ገጠር እንደምትልክ ሲሰማ፣ እኔን ሳያማክር የሁለታችንንም ስም ሰጥቶ መጣ። «የት ነው የሚልኩን?» አልኩት። «ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል አሉ» አለኝ። ትንሽ! እዚህ መንደር የታጠበ ካፖርት ገመድ ላይ ውሎ ሲወርድ በረዶ ሆኖ ብቻውን ይቆማል። አንድ ቀን የባሌን ካፖርት በሩ አጠገብ ባቆመው፣ ጎረቤታችን ገብታ «ደህና ዋሉ አባባ» ብላዋለች። መልስ ስታጣም ተቀይማ ሄደች።

ጠዋት ጠዋት ቤታችን ችሎት ይሰየማል። ጉዳዩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ምድጃውን ማን ያቀጣጥል የሚል ነው። እሱ ትናንት ያልኩትን እየጠቀሰ ይከራከራል፤ እኔ ጉልበቴን በማስረጃነት አቀርባለሁ። ፍርዱ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው። ቤቱ ሲሞቅ ዳኛው ይነሣል። መንደሩ ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚለው፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው እለዋለሁ፣ ማለትም ሁልጊዜ። ካልሲ በካልሲ ደርቦ፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቤት ለቤት ይዞራል፤ እኔም መድኃኒቱን እንዳይረሳ፣ በረዶው ላይም እንዳይዘረጋ ከኋላው እከተላለሁ። ሰዉ በሩን ይከፍታል፣ «ኑ ግቡ፣ ሙቁ» ይላል፣ ሻይ ያቀርባል፣ ዳኛው ሲናገር አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም እስከ ደጅ ይሸኘናል። እዚህ አገር ሰው እምቢ አይልም፤ እሺም አይልም።

ሁለተኛው የበረዶ ወቅት ወደ ማለቂያው ደርሷል። በረዶው ሲቀልጥ ጊዜያችን አብቅቶ ወደ ልጆቻችን እንመለሳለን። ዳኛው እስካሁን ያጠመቀው ሰው ስንት ነው? አንድም የለም። አንድ ማታ ቦት ጫማውን ስጎትትለት «አንድ ሰው» አለኝ። «አንድ ሰው ብቻ ባገኝ፣ በከንቱ አልደከምኩም እል ነበር።» ያ በሰው ፊት ድምፁ የማይሰበር ሰው፣ መሬት መሬት እያየ እንዲህ ሲል አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ ብርዱን መራገም ትቼ ለዚያ አንድ ሰው መጸለይ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብርዱን መራገሙንም አልተውኩም።

ያ አንድ ሰው የመጣው በራችንን ሊጠግን ነው። የመንደሩ አናጢ ነው፤ ከግዝፈቱ የተነሣ «ግንዱ» ይሉታል። በር የሚሠራ ሰው ሆኖ በበር የሚገባው ጎንበስ ብሎ፣ ያውም በጎኑ ዞሮ ነው። ሲሠራ ምስማሮቹን በከንፈሩ ስለሚይዝ መናገር አይችልም። ዳኛው ይህን የመሰለ ዕድል ከየት ያገኛል! ከፍጥረት ጀምሮ እስከ ምጽአት አንድ ሳያስቀር ነገረው። ይህ ሰው ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም ብዬ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ «መስኮቱም ነፋስ ያስገባል» ብሎ መጣ። ቀጥሎ ለመደርደሪያው መጣ። ቀጥሎ ደህና ለነበረ ወንበር መጣ፤ ወንበሩን ራሱ ሳያላላው አልቀረም። ምስማሩ ከአፉ ሲያልቅ ይጠይቃል። «አባባ፣ ዮናስ ዓሣው እስኪውጠው ድረስ ትንፋሹን ያዘ?» «አባባ፣ በኖኅ ጊዜ መዋኘት የሚችሉት ሰዎች እንዴት ሆኑ?» ዳኛው ጥያቄ ያገኘ ቀን እራቱን እንኳ ይረሳል። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ የሰውየው ነገር ሁሉ ለምን ውኃ ውኃ ይላል ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

አንድ ከሰዓት ግንዱ መጋዙን አስቀመጠና «እሺ» አለ። «አጥምቁኝ።»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አጠለቀ፣ ደግሞ አውልቆ ጠረገ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ግንዱ ቀጠለ፦ «እስከ ጉልበት ቢሆንስ አባባ?»

«አይሆንም!» አለ ዳኛው። ሕግ ሲነካ ሰውየው ያው ሰውየው ነው። «የሚጠመቅ ሰው ሙሉ በሙሉ ይደፈቃል። አንዲት ፀጉር ደርቃ ከቀረች፣ ጉዳዩ እንዳልታየ ይቆጠራል።»

«ብርድ ነዋ።»

«እንግዲያው በሙቅ ውኃ» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። ብረት እንደጋለ ነው። ዳኛው ሙቅ ውኃ የሚከለክል አንቀጽ ፈልጎ አጣ። ግንዱም ሌላ ሰበብ ፈልጎ አጣ፤ እያመነታ «እሑድ» ብሎ ሄደ።

ግን የት? ወንዙ ድንጋይ ሆኗል። የእኛ መታጠቢያ ሳፋ የግንዱን አንድ እግር ከቻለ ትልቅ ነገር ነው። «እሱን የሚችለው የከብት ማጠጫ ብቻ ነው» አልኩ ለቀልድ። ዳኛው ቀልድ አያውቅም፤ ካፖርቱን አነሣ።

የላሞቹ ባለቤት «እትዬ ወተት» ትባላለች። ምላሷ አጥንት ይቆርጣል። ከብቶቹ በትንፋሻቸው በረቱን ስለሚያሞቁት፣ የእሷ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ብቻ ነው ውኃው በረዶ ሳይሠራ የሚያድረው። ዳኛውን ባየችው ቁጥር «እኔ እንደ እርስዎ ላም አለኝ በሰማይ አልልም፤ የእኔዎቹ ምድር ላይ ናቸው፣ ይታለባሉ» ትለዋለች። ጉዳዩን ስንነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ውሰዱት» አለች። «ግን ላሞቼ ቀድመው ይጠጣሉ። እሱ ከገባበት በኋላማ አይነኩትም፤ አፍንጫ አላቸው።»

የሚፈላው ውኃ ሌላ ጭንቅ ነበር። በእኛ ምድጃና በእኛ ማንቆርቆሪያ ገንዳውን እንሙላ ብንል በረዶው ቀልጦ እኛም ሄደን ነበር። ደግነቱ እትዬ ወተት ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ፣ ወሬው «ግንዱ ገላውን ሊታጠብ ነው» ሆኖ መንደሩን አዳረሰ። እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለስብከት እግሩን አንሥቶ የማያውቅ ሕዝብ ማንቆርቆሪያ፣ ድስት፣ ባልዲ ተሸክሞ ወደ በረቱ ተመመ። አንዷ የሕፃን ጡጦ ሙሉ ሙቅ ውኃ ይዛ መጥታለች። ሁሉም እየመጣ ገለበጠ፣ ገንዳው ጢም አለ፣ እንፋሎቱ ጣሪያ ደረሰ። ዳኛው ነጭ ልብሱን ከካፖርቱ በላይ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ እየተቁነጠነጠ ቆሟል። እኔም ከሁለት አንሶላ የሰፋሁትን የግንዱን ቀሚስ ታቅፌያለሁ።

ግንዱ የለም።

ጠበቅን። ሰው ቤቱ ድረስ ተላከ፤ በሩ ዝግ ነው ተባለ። ዳኛው ጊዜ ለመሙላት መስበክ ጀመረ፤ አንዷ ላም ደግሞ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር እምቧ ትላለች። እንፋሎቱ እየሳሳ ሄደ። «ቀረ እኮ» አለ አንዱ። «ግንድ ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል ብለውት ይሆናላ!» አለ ሌላው፣ በረቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ስብከቱን አቋርጦ እቅፌ ላይ ያለውን ቀሚስ ተመለከተ። ያንን አናጢ አሁን ባገኘው በራሱ መዶሻ አናቱን እለው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ይኼኔ አንዲት እናት «አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ይኼ ሁሉ ሙቅ ውኃ ዝም ብሎ ከሚቀዘቅዝ ይቺን ልጅ ላለቅልቃት?» አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ ልጅቷን ከነጩኸቷ ከተተቻት። ከዚያ ማን ይቻለው! ሳሙና ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጣ። ሕፃናቱ ገንዳው ውስጥ ተንቦጫረቁ፣ ወንዶቹ እየቀዱ ራሳቸውን ታጠቡ፣ አንዷማ ካልሲ ዘፈዘፈች። የዳኛው የጥምቀት ውኃ የመንደር መታጠቢያ ሆኖ አረፈው። አሁን ሊጮህ ነው ብዬ ክንዱን ያዝ አደረግኩት። እሱ ግን ነጩን ልብስ አወለቀ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ሳሙና ዓይኑ ገብቶ የሚንደፋደፍ ሽማግሌ አጠገቡ ነበር፤ «ቀና በሉ ወንድሜ» ብሎ ውኃ አፈሰሰለት፣ ከዚያም አናቱን ያሽለት ጀመር። ሌላው ሽማግሌ ይህን አይቶ ኮፍያውን አወለቀና ተራ ያዘ። ባሌን እወደዋለሁ፤ ስንትና ስንት ጠዋት ምድጃ ያስነደደኝን ሰው በዚያች ሰዓት እንደ አዲስ ወደድኩት።

ውኃው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ መልኩም ሻይ መስሎ ሳለ በሩ ተከፈተ። ግንዱ ነው። ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል።

«የት አባክ ነበርክ!» ብዬ ጮህኩ። ሚስዮናዊነቴን ረሳሁት።

«እዚሁ፣ ከበረቱ ጀርባ። ከጠዋት ጀምሮ በቀዳዳ እያየኋችሁ ነው።»

«ብርድ ፈራሁ ብሎ ብርድ ላይ ቆሞ ዋለ!» አለች እትዬ ወተት። «ይኼንንስ የትም አልሰማሁ!»

«ብርዱን አይደለም» አለ። ያ ምሰሶ በትከሻው የሚሸከም ሰው ኮፍያውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል። «ልጅ ሆኜ ወንዙ ላይ በረዶው ከሥሬ ተሰበረ። ያወጡኝ በፀጉሬ ጎትተው ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃ ካንገቴ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ፈራሁ አባባ። ልነግርዎ ደግሞ አፈርኩ።»

«እና ራስህን በምን ትታጠባለህ?» አለች እትዬ ወተት።

«በእርጥብ ጨርቅ።»

«እኔም እላለሁ!» አለች፤ ግን የሳቀላት ሰው አልነበረም።

ዳኛው እርጥብ እጁን በሸሚዙ ጠረገ። «ልጄ» አለው በመጨረሻ፣ «እስከ ጉልበትህ ይበቃል።» ጆሮዬን አላመንኩትም። ስለ አንዲት ፀጉር ሲሟገት የከረመ ሰው! ያንን አንድ ነፍስ እንዲህ አንቀጽ ጥሶ ቢያገኘው ራሱ ደስ አይለውም፤ አውቀዋለሁ። ግን አለው።

ግንዱ ራሱን ነቀነቀ። «ግማሽ በር ሠርቼ አላውቅም አባባ። ከገባሁ ሙሉውን ነው። እነዚህ ውርጋጦች እንኳ ሲገቡ ሲወጡ አይቻለሁ።» አለና የሰፋሁለትን ቀሚስ ከልብሱ በላይ አጥልቆ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ገባ። ተጋደመ። ወይ ጉድ! ሆዱና አፍንጫው እንደ ደሴት ውጭ ቀሩ። ወደ ማንቆርቆሪያዎቹ ዞርን፤ ሁሉም ባዶ። ሌላ እስኪፈላ ደግሞ የሰውየው ልብ አይጠብቅም፤ ገና ከአሁኑ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ዳኛው ቦት ጫማውን አወለቀና ከነሱሪው ገብቶ በግንዱ እግር በኩል ተቀመጠ። ውኃው ከፍ አለ። ሆዱ ሰመጠ። አፍንጫው ግን አሁንም ውጭ ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ።

«ነይ እንጂ፣ ትንሽ ነው የጎደለው» አለ ዳኛው።

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ? በዚህ እጣቢ?»

«እማማ ከገቡማ ይፈሳል» አለች እትዬ ወተት፣ ከላይ እስከ ታች ለክታኝ። ይህን ስድብ ሌላ ቀን እመልስላታለሁ ብዬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በሁለት ሰው ተደግፌ ገባሁ። ለብ ብሏል፤ የሳሙናና የላም ሽታ አለው። በግንዱ ራስ በኩል ተቀመጥኩ። እውነትም ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ።

«እጄን እንዳይለቁኝ እማማ።»

«አልለቅህም።»

ጣቶቼ ሊሰበሩ ነበር። ዳኛው ቃሉን ጀመረ፣ ድምፁ ተሰበረ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ተንጠራርቶ ደረቱ ላይ እጁን ጭኖ ደፈቀው። አንዲት ፀጉር አልቀረችም፤ ምስክር ነኝ። በረቱ ጸጥ አለ፣ ላሟም ጭምር።

ግንዱ ቀና አለ። ዓይኑን ጠረገ። ዳኛውን አየ፣ እኔን አየ፣ ውኃውን አየ።

«አለቀ?»

«አለቀ ልጄ» አለ ዳኛው። እያለቀሰ ነው፤ የገንዳው ውኃ ነው እንዳይል፣ ፊቱን ጠብታ አልነካውም።

«ሌላ ጊዜስ አለ?»

«የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ግንዱ አሰበበት። «እንግዲያው ትንሽ ልቆይ» አለ። ከዚያ እጄን ለቀቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማንም ሳይነካው ብቻውን ተመልሶ ወደ ታች ወረደ።