ጋሼ መሸሻ ቁጭ ብለው አያወሩም

ኢንጂነር ዘርዓብሩክ አዲሶቹን ስልኮች የሞከራቸው ቁጭ ብሎ ነው። ይሄን ከመጀመሪያው የምናገረው በኋላ «ዕድለኛ ናት» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። ዕድል አላውቅም። የማውቀው፣ ቁጭ ብሎ የሞከረ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚቀር ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። አራት ፎቅ፣ ከኋላው ደግሞ ግድግዳው ክንድ ተኩል የሚወፍር አሮጌ የድንጋይ መጋዘን። እዚያ መጋዘን ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም። አንድ ፋርማሲ ደውሎ «ኢንሱሊን አላችሁ?» ሲል፣ የሽያጯ አጸደ በደረጃው መስኮት አንገቷን አውጥታ ትጮሃለች፣ መጋዘኑ መልሶ ይጮሃል፣ ምን እንዳለንና ምን እንዳለቀብን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይሄን ጩኸት ለማስቀረት ነው በቢሮው ዋይፋይ የሚሠሩ የእጅ ስልኮች የተገዙት።

ዋይፋዩ ግን ለዓመታት ያለው አንድ የይለፍ ቃል ነበር፤ ለዘበኛው ለለሜሳም ለባለቤቱም ያው አንዱ። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤት ወሬ አይወራበትም ተባለና ዘርዓብሩክ አዲስ ኔትወርክ ዘረጋ፤ ሁሉም ሠራተኛ በየራሱ ስምና በየራሱ የይለፍ ቃል የሚገባበት። እዚህ ድረስ አልተሳሳተም። ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ ወንበሩን እያሽከረከረ «ሃሎ፣ ሃሎ» አለ፣ «ጥርት ያለ ነው» ብሎ ፈረመ።

እኔ ቶይባ ነኝ፣ የሱ ረዳት። የሦስት ወር የሙከራ ቅጥር ነበርኩ፤ ሙከራዬ ደግሞ ዓርብ ያልቃል። ዓርብ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የአባቴ ሱቅ ተመልሼ ስኳር እመዝናለሁ። ዲግሪ የለኝም። ዲፕሎማም የለኝም። ያለኝ አባቴ ሱቅ ውስጥ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ አራት ዓመት የተማርኩት ነው። ዘርዓብሩክ «የዩቲዩቧ» ይለኛል። እኔም «ኢንጂነር» እለዋለሁ፤ ስድብ መሆኑን እስካሁን አልነቃም።

ሰኞ ስልኮቹ ታደሉ። ሰኞ ከአራት ሰዓት በፊት መቆራረጥ ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ጋሼ መሸሻ ስልክ ይዘው ተቀምጠው አያውቁም። «ሃሎ» እንዳሉ ይነሳሉ፣ ከአራተኛ ፎቅ ይወርዳሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ፣ መጋዘን ይገባሉ፣ አንዳንዴም አስፋልቱን ይሻገራሉ። ታላቅ እህታቸው እትዬ የዓለምወርቅ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ የድርጅቱ ግማሽ የሳቸው ነው፣ የጋሼም የደም ግፊት እንደዚያው። ሰኞ ዕለት መስመሩ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ተቆረጠ። መልሰው ደወሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ ተቆረጠ። ግቢው ላይ ሰለሰ።

የሌሎቻችንም ያው ነው። ሰው ፊት በስልክ ማውራት ነውር ይመስለናልና ስልክ ሲጠራ «ይቅርታ» ብለን ወደ ኮሪደር እንወጣለን። ኮሪደር ስንደርስ መስመሩ የለም።

ዘርዓብሩክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማክሰኞ በየፎቁ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «በስልክ ሲያወሩ እባክዎ አይንቀሳቀሱ።»

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ የኤክስሬይ ክፍል ማስታወቂያ ነው» አልኩት።

«አንቺ መፍትሔ ካለሽ አምጪ።»

አመጣሁ። «በየፎቁ አንድ አንድ የዋይፋይ ማሰራጫ አለ፣ አይደል? ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር አዲሱ ማሰራጫ ‹ማነህ?› ብሎ ስማችን የተመዘገበበት ሰርቨር ድረስ ወስዶ እንደገና ያስመረምረዋል። ኢሜይል የሚያነብ ሰው ሁለት ሰከንድ አይታወቀውም። የሚያወራ ሰው ግን አለቀለት። በር ላይ ለሜሳ ከፈተሸኝ በኋላ በየፎቁ ሌላ ለሜሳ ቆሞ ቦርሳዬን ቢገለብጥ ማለት ነው። ፍተሻው ይቅር አላልኩም። የበሩ ለሜሳ ለላይኞቹ ‹እሷን ፈትሻታለሁ› ብሎ ይላክላቸው ነው የምለው። ማሰራጫዎቹ ይሄን ይችላሉ፤ አልበራም እንጂ።»

«ይሄንንም ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሽው?»

«አይ፣ የዕቃው መመሪያ ላይ። ፕላስቲኩን ሳትቀደው ካርቶኑ ውስጥ ጥለኸው ነበር።»

ይሄን ያልኩት ተናድጄ ነው። እሱም ተናደደ። «በቃ፣ ስልኮቹን ወደ ድሮው ኔትወርክ እመልሳቸዋለሁ። ድሮ ፍተሻ የለም፣ መቆራረጥም የለም። አንቺ ድሮው ላይ ማን ማን እንዳለ ዝርዝር አውጪልኝ።»

ረቡዕ አወጣሁ። ሠራተኛው ሠላሳ ስምንት፤ ኔትወርኩ ላይ ያለው ዕቃ መቶ አሥራ ሁለት። መሐል ላይ በትልቁ «ሙዘይን ሱቅ» ይላል። ሙዘይን አባቴ ነው። ያን አራት ዓመት የተማርኩት በማን ዋይፋይ መሰላችሁ?

አንድ መስመር ናት። አንድ ጣት ትበቃታለች። አልሰረዝኳትም፤ ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ብሰርዛት ዝርዝሩ ጎደሎ ይሆናል፣ ከኔ እጅ ደግሞ ጎደሎ ሥራ አይወጣም። ለዘርዓብሩክ ሰጠሁት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ «ፈትሻታለሁ» የሚለውን በአራቱም ፎቅና በመጋዘኑ አበራሁት። ፈቃድ አልጠየቅኩም... ማለቴ፣ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ነው ያልጠበቅኩት። ለሜሳን አንዱን ስልክ አስይዤ ሌላውን ይዤ አሥራ አንድ ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ለሜሳ ስለ ልጁ ክርስትና ከጥሪው እስከ ድግሱ ነገረኝ፤ አንድ ቃል አልተቆረጠብኝም።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሼ ቢሮ ተጠራሁ። ዘርዓብሩክ ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል። አጸደ ደብዳቤ ልታስፈርም ገብታ፣ ለመውጣት አልቸኮለችም።

«ጋሼ፣ ሌባ ነው የቀጠርነው» አለ ዘርዓብሩክ። «ይዩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ሙዘይን ሱቅ... የማዶው ሙዘይን?»

«አባቴ ነው» አልኩ።

«እና የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠው? አንቺ?»

«እኔ ያኔ እዚህ አልሠራም ጋሼ። የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

አጸደ ደብዳቤውን አፏ ላይ ያዘች።

«እኔ? መቼ?»

«ከአራት ዓመት በፊት፣ ረመዳን ሁለት ሳምንት ሲቀረው። አባቴ ቴምር እያራገፈ ነበር። እርስዎ በስልክ እያወሩ ተሻግረው መጡና ሱቁ በር ላይ ቆሙ። እትዬ የዓለምወርቅ ቢሯችን መጥተው ዋይፋይ አልገባ ብሏቸው ነበር መሰለኝ። ‹እትዬ፣ ጻፊ! መሸሻ! የራሴን ስም ነው የምልሽ! ከዚያ አንድ፣ ዘጠኝ፣ አምስት፣ አንድ! የተወለድኩበት!› እትዬን ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ሦስት ጊዜ ደገሙላቸው። በሦስተኛው አባቴም፣ ጎሚስታው ኢታናም፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹም ጽፈው ጨርሰው ነበር። እትዬ ብቻ ናቸው ያልገባላቸው።»

ጋሼ ጆሯቸው ቀላ።

«ስለዚህ ኢንጂነር ስልኮቹን ወደ ድሮው ከመለሳቸው» አልኩ፣ «እዚህ የሚወራው ሁሉ ከኢታና ጎማ ጋር አንድ ቤት አደረ ማለት ነው።»

«አዲሱ ደግሞ ይቆራረጣል!» አለ ዘርዓብሩክ።

ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ። አራት ሰዓት፤ እትዬ የዓለምወርቅ።

ጋሼ «ሃሎ» አሉና እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ሦስታችንም ተከተልናቸው። ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ሲደርሱ ዝግ አሉ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁ፣ ጠበቁ። ከስልኩ ውስጥ «ክኒንህን ዋጥክ ወይ ነው የምልህ!» የሚል ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ሊቆረጥ ነው መሰለኝ» አሉ፤ ተስፋ ነበረው ድምፃቸው። አልተቆረጠም። «መድኃኒት እየሸጠ መድኃኒት የማይውጥ አንተን አየሁ!» ግቢውን ሮጥ ሮጥ ብለው አቋረጡ፣ መጋዘን ገቡ፣ ከሲሪንጅ ካርቶኖቹ ጀርባ የመጨረሻው ጥግ ድረስ ሄዱ። እትዬም አብረው ሄዱ። ሃያ ስድስት ደቂቃ፤ ክኒኑ፣ ጨዉ፣ ጥሬ ሥጋው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ያልደረሱበት ለቅሶ ሳይቀር ተነሳ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው መቆራረጡን የሚጠሉት የመድኃኒት ሽያጭ ጉዳይ ሲሆን ብቻ ነው።

ቢሮ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሠራ» አሉ፣ መርዶ በሚያረዳ ሰው ድምፅ። «ዘርዓብሩክ፣ ያን ማስታወቂያ ሄደህ ንቀል። ድሮውንም ዛሬውኑ ዝጉት።»

«ጋሼ፣ ግን ያለ ዲግሪ...»

«ማስታወቂያውን አልኩህ።»

እሱም አጸደም ወጡ። በሩ ሲዘጋ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቶይባ... እንትን... የመጋዘኑ በር ላይ ብቻ። ከአራት እስከ አራት ተኩል። ትንሽ ቆረጥ እንዲል ማድረግ ይቻላል?»

«በጣም ይቻላል ጋሼ። ግን የሙከራ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን እንዲነካ ደንቡ አይፈቅድም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ መሳቢያውን ሳቡና እስክሪብቶ አወጡ። ዓርብ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቋሚ ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላ የድሮውን ኔትወርክ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ከማዶ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ቶይባ! ዋይፋዩ ምን ሆነ?»

በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ። «ሌቦች ገብተውበት ነበር አባባ! ዘጋሁት!»

«ደግ አደረግሽ!» አለ። ወደ ሱቁ ሊመለስ ዞር አለና ቆመ። «ቆይ... እነማን ናቸው?»